የጎንደር እምቢታ፣ የደብረ ታቦር እሺታ

አለቃ ገብረ ሐናን በቀልዳቸው ብቻ የሚያውቅ ሰው ትልቁ ሥራቸው ያመልጠዋል። የፎገራው ሊቅ ከልጃቸው ከተክሌ ጋር ዘጌ ሳሉ የጣናን ሞገድና በዳሩ የሚወዛወዘውን ደንገል አይተው አዲስ የማኅሌት አቋቋም ስልት እንዳወጡ ይነገራል። የጎንደር ሊቃውንት ግን አልተቀበሏቸውም። ተክሌ ደብረ ታቦር ገብቶ ስልቱን ለደብተራዎች አስተማረ። ራስ ጉግሣ ወሌም የደብረ ታቦር ኢየሱስን ሲያሳንጹ ስልቱን ወደዱት። ዛሬ የተክሌ አቋቋም የሚባለው ይኸው ነው።

እምቢ ያሉት ግን ማይማን አልነበሩም።

ጋይንት ቤተልሔም ድጓ ሊያስመሰክር የሚሄድ ተማሪ በምን እንደሚዳኝ ያውቃል። ዜማው አለ፣ ምልክቱ አለ፤ መምህሩ ከዚያ የወጣውን ያርማል። እንዲህ ያለ ዳኝነት ባይኖር የያሬድ ዜማ እዚህ ባልደረሰም ነበር። የጎንደሮቹ ጥንቃቄም ምክንያት ነበረው፤ ማኅሌት እንደ ቴያትር መድረክ ሁሉ ነገር የሚሞከርበት ቦታ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ማመሳከሪያ የሌለው ነገር ሲቀርብ ነው። ያኔ ትልቅ ዳኛም ሊሳሳት ይችላል፤ ነቢዩ ሳሙኤል እንኳ ንጉሥ ሊቀባ በሄደበት በእሴይ ቤት መጀመሪያ ልቡ ያረፈው በቁመተ መልካሙ በኤልያብ ላይ ነበር።

የፊልም ሰዎችም ፈተና ይኸው ነው። የሆሊውድ ኩባንያዎች የሚቀርብላቸውን የፊልም ጽሑፍ ለመመዘን የተቀጠሩ አንባቢዎች አሏቸው። አንባቢው 100 ወይም 120 ገጽ ጽሑፍ ያነባል፤ በልማድ አንድ ገጽ እንደ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል። ታሪኩን በአጭሩ ጽፎ፣ አስተያየቱን አክሎ ከሦስት አንዱን ይፈርዳል፦ አይሆንም፣ ይታሰብበት፣ ይሠራ። ባለታሪኩ ምን ይፈልጋል? ማን ያግደዋል? ንግግሩ ሰው ሰው ይሸታል? እነዚህ ደህና ጥያቄዎች ናቸው፤ የተዝረከረከ ጽሑፍ ከእነሱ አያመልጥም። ከእነሱ ጋር ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ ገበያ ካገኙት ፊልሞች የትኛውን ይመስላል? አዲስ ሥራ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ የሚመስለው የለማ!

የጎንደሩ ተወላጅ የፊልም ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ ይህን ቀምሶታል። «ሳንኮፋ» የተባለው ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1993 በርሊን ላይ ቢወዳደርም የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊታቸውን አዞሩበት። እሱም ሲኒማ ቤት እየተከራየ ራሱ አሳየው፤ ጥቁር አሜሪካውያን ተመልካቾችም አዳራሹን ሞሉለት። ከዚያ «ጤዛ» መጣ፤ ከጀርመን ወደ ጣና ዳር መንደሩ የሚመለስ ምሁር ታሪክ ነው። ፊልሙ እስኪሠራ ከ10 ዓመት በላይ ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት አገኘ፤ በዚያው መድረክ ምርጥ የፊልም ጽሑፍ ተብሎም ተሸለመ።

ሽልማቱ ራሱ የዳኞች ፍርድ ነው፤ ሌሎች ዳኞች ተቀምጠው ቢሆን ሌላ ይሉ ይሆናል። ተቀባይነት ማግኘት ብቻውን እውነትን አያረጋግጥም፤ ብዙ ውዳቂ ፊልምም አዳራሽ ሞልቷል። ተክሌንም ከስልቱ ውበት ሌላ የአንድ ራስ ድጋፍ ረድቶታል። ዕድል ያላገኘው ሌላ ተክሌ ስንት እንደሆነ ማን ያውቃል?

ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ጽሑፍ ለሚመርጡ አዘጋጆችና ፕሮዲውሰሮች አንድ ልመና አለ። «አይሆንም» ብላችሁ ስትመልሱ፣ የደራሲው ስህተት የትኛው እንደሆነ፣ እናንተ ያልለመዳችሁት ደግሞ የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉለት።