ቤተኛ ለመሆን መመሳሰል ግድ ነው?



ለዛሬው ጁሙዓ አንድ ጥያቄ ይዘን መጥተናል። ሰው ከብዙኃኑ ጋር ሳይመሳሰል የአንድ ቦታ ቤተኛ መሆን ይችላል? ወይስ ቤተኝነት ሁልጊዜ ከራስ ላይ የሆነ ነገር የሚከፈልበት ነው?

ጥያቄውን ያነሳችው ወላጆቿ የወሎ ሰዎች የሆኑ፣ እሷ ግን አሜሪካ ያደገች እህት ናት። ከዋሽንግተን አካባቢ ተነስታ በሰሜን ምሥራቅ ወዳለ አንድ ትንሽ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ገባች። እነዚህ ኮሌጆች እንደ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አይደሉም። ብዙዎቹ ወደ 2,000 ገደማ ተማሪ ነው ያላቸው። ተማሪው ከሞላ ጎደል በሙሉ ግቢ ውስጥ ያድራል፤ ትምህርቱም አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ሳይሆን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች የሚከራከሩበት ነው። ለመማር ግሩም ቦታ ነው፤ ለመደበቅ ግን አይመችም። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሙስሊሙ የራሱ ጀመዓ፣ የራሱ ጥግ ይኖረዋል። እሷ ኮሌጅ ግን ጁሙዓ የሚሰግዱት ስድስት ከሞሉ ብዙ ናቸው።

ማንም አልሰደባትም። ይህን ደጋግማ ትናገራለች። መስገጃ ክፍል ተሰጥቷቸዋል፤ በረመዷን ምግብ ቤቱ የሱሑሯን ምግብ አሽጎ ያስቀምጥላታል። የሚከብዳት ሌላ ነው። ክፍል ውስጥ እስልምና በተነሳ ቁጥር አሥራ አራት ፊት ወደሷ ይዞራል። ስለ ኢራን ትጠየቃለች፤ ኢራንን እኮ የምታውቀው በካርታ ነው! በጋራ መታጠቢያ ቤት እግሯን አንስታ ውዱእ ስታደርግ የገባ ሰው ይቅርታ ብሎ ይወጣል። ጓደኞቿ ቅዳሜ ማታ የሚሰበሰቡበት ቦታ መጠጥ አለ፤ ካልሄደች ደግሞ ሰኞ የሚሳቅበት ቀልድ አይገባትም። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። በየቀኑ ሲሆን ግን ያደክማል።

ለእንዲህ ዓይነቷ ተማሪ ሁለት ዓይነት ምክር አይጠፋም። አንዱ "ትንሽ ላላ በይ" ይላታል። ሌላው "ከነሱ ጋር ምን አለሽ? ዲግሪሽን ይዘሽ ውጪ" ይላታል። የሚገርመው ሁለቱም መካሪዎች ቤተኝነት ማለት መመሳሰል ነው ብለው ማመናቸው ነው። አንደኛው ምሰያቸውና ግቢ ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ስለማትመስያቸው አትግቢ።

ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሰሐቦች እናስብ። በንጉሡ ፊት ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ያደረገውን ንግግር ሁላችንም እናውቀዋለን። እኛ ኢትዮጵያውያንማ አውርተን አንጠግበውም። ከዚያ ቀን በኋላ ስለነበረው ኑሮ ግን ብዙም አናወራም። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እንደምትተርከው በነጃሺ ላይ ሥልጣኑን የሚፈልግ ተቀናቃኝ ተነሳበት፤ ሰሐቦቹም በጣም ተጨነቁ። ጦሮቹ ከአባይ ማዶ ሊጋጠሙ ሲሉ፣ በዕድሜ ከትንሾቹ አንዱ የነበረው ዙበይር (ረ.ዐ) ወሬውን ሊያመጣ ተነሳ። አየር በተነፋ አቁማዳ ላይ ደረቱን አሳርፎ ወንዙን ዋኝቶ ተሻገረ። የቀሩት ነጃሺ እንዲያሸንፍ ዱዓ ያደርጉ ነበር። እርግጥ ነው፣ የራሳቸው ደኅንነትም በንጉሡ መቆየት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ግን የቤተኛ ነገርም እንዲሁ አይደል? የቦታው ዕጣ የሱም ዕጣ ነው። ሶላታቸውን አልቀየሩም፤ የሚኖሩበት አገር ጉዳይም አያገባንም አላሉም።

እህታችን በ2ኛ ዓመቷ፣ ተማሪዎች የጻፉትን ይዘው መጥተው በሚታገዙበት ቢሮ ውስጥ የማታ ሥራ ጀመረች። እዚያ ያገኘችው ነገር አስገርሟታል። ከገበሬ ቤተሰብ የመጣ፣ ከዘመዶቹ ኮሌጅ በመግባት የመጀመሪያው የሆነ ነጭ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሱም ግቢው የሱ አልመሰለውም። እንግዳ እሷ ብቻ አልነበረችም! በክፍል ውስጥ ደግሞ "ስለ ኢራን አላውቅም፤ ስለ ንባባችን ግን የምለው አለኝ" ማለት ለመደች። በኔ እይታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የኡማው አምባሳደር ሁኚ ብሎ ያዘዛት የለም። የማያውቁትን ስለ ዲን መናገርም ቀላል ሸክም አይደለም።

ታዲያ ባይተዋርነቱ ጠፋላት ወይ? አልጠፋም። ሱሑር አሁንም ብቻዋን ነው የምትበላው። የጃዕፈር ባለቤት አስማእ ቢንት ዑመይስም (ረ.ዐ) እንዲያ በፍትሑ በተመሰከረለት ንጉሥ ጥላ ሥር ኖራ፣ በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ ከኸይበር ዘመቻ ወቅት በመርከብ ስትመለስ ሆዷ ውስጥ የቆየ ነገር ነበር። ዑመር (ረ.ዐ) በሒጅራ ቀድመናችኋል ሲላት ተቆጣች። እናንተ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ነበራችሁ፣ የተራበውን ያበሉላችሁ፣ ያላወቀውን ያስተምሩላችሁ ነበር፤ እኛ ግን በሩቅ ባዕድ አገር ነበርን ስትል መለሰችለት። ሄዳም ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነገረቻቸው። እሳቸውም ለዑመርና ለባልደረቦቹ አንድ ሒጅራ፣ ለመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት ሒጅራ እንዳላቸው ነገሯት። ከዚያ በኋላ የመርከቡ ሰዎች በቡድን በቡድን እየመጡ ይህችን ሐዲስ ይጠይቋት ነበር፤ አቡ ሙሳማ (ረ.ዐ) ደጋግማ እንድትነግረው ይለምናት ነበር።