ገጣሚ መቀላወጥ

አንዱን ገጣሚ ሳልጨርስ ሌላውን ስገልጥ፣ «ይኼማ መቀላወጥ ነው፤ አንዱን ይዘህ ጥለቅ» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። መጥለቁም ደግ ነው። እኔ ግን እዚህ ኩታበር ቁጭ ብዬ ከከበደ ሚካኤል ምክር አዘል ግጥሞች ወደ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ» (1966 ዓ.ም.)፣ ከዚያም ወደ ደበበ ሰይፉ «የብርሃን ፍቅር» (1980 ዓ.ም.) ስሻገር፣ አንዱ የመከረኝን ሌላው ይሞግተዋል። ዳኛ እንኳ ግራ ቀኙን ሳይሰማ አይፈርድም። ታዲያ ስለ ፍቅርና ስለ ሞት አንድ ሰው ብቻ ሰምቶ መፍረድ ፍትሕ ነው?

በጎረቤታችን በአምባሰል ስም የሚጠራውን ቅኝት አስቡት። በሱ ከሚዜሙት ስንኞች የብዙዎቹ ባለቤት አይታወቅም፤ ያዘነውም የወደደውም ሁለት ሁለት ስንኝ እያዋጣ አልፏል። የወሎ ሰው ግጥም የሰማው ከብዙ አፍ ነው። እኔም መጽሐፍ ሳገላብጥ የማደርገው ይህንኑ ነው።