በሰልፉ መጨረሻ የቆመው ልጅ



መስከረም በጠባ ቁጥር በቡሬ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች አንድ የታወቀ ነገር ይደረጋል። ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለው አሮጌ የመኪና ቸርኬ በብረት ይመታል፤ ልጆች ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ በጤዛ የራሰ እግራቸውን በሣር እየጠረጉ ይሰበሰባሉ፤ መምህሩም በየክፍላቸው ያሰልፏቸዋል። ሰልፉ በቁመት ነው። አጭሩ ከፊት፣ ረጅሙ ከኋላ ይቆማል። ታዲያ በአንደኛ ክፍል ሰልፍ መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ በአንገት የሚበልጥ አንድ ልጅ ይታያል። ሌሎቹ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ እርሱ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ይሆነዋል። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ይቆማል።

ዛሬ ልጽፍላችሁ ያሰብኩት ስለዚያ ልጅ ነው። ይልቁንም እርሱን አይተን ስለምንስቀው ስለ እኛ ነው። ጥያቄዬም ይህ ነው፤ ቀድሞ የጀመረ ሰው ዘግይቶ ለሚጀምረው ዕዳ አለበትን?

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ትምህርት አልገባው ብሎ ሲሸሽ፣ ዛፍ ላይ ለመውጣት ደጋግማ የወደቀችውንና በመጨረሻ የተሳካላትን ትል አይቶ ወደ መምህሩ መመለሱ ይነገራል። ይህ ታሪክ ለሚደክመው ሰው ትልቅ መጽናኛ ነው። ነገር ግን ትሏ በወደቀች ቁጥር ከሥር ቆሞ የሚስቅ ሰው ቢኖር ኖሮ እርሱ ምን ይባል ነበር? ስለዚህኛው ሰው ብዙ ጊዜ አንነጋገርም። እኔ ያ ሰው ሆኜ ስለማውቅ ልንገራችሁ።

እኔ ትምህርት የጀመርኩት በ1999 ዓ.ም. መስከረም፣ በሰባት ዓመቴ ነው። በጊዜው ለእኛ መንደር ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ የሰባት ዓመት ልጅ ጥጃ የሚጠብቅበት ዕድሜ ነውና። እኔ ግን ጥጃ አልጠበቅሁም። አባቴ ከጎረቤት ቀበሌ አንድ አባቱ የሞተበት ልጅ በእህል ቀጥሮ አምጥቶ ነበር። ያ ልጅ ከእኔ አራት ዓመት ያህል ይበልጠኛል። ጠዋት እኔ ደብተሬን ይዤ ስወጣ እርሱ ከብቱን ነድቶ ይወጣል፤ እስከ ወንዙ ድረስ መንገዳችን አንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይለያያል። ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጬ ፊደል ስቆጥር እርሱ ከበስተኋላዬ ሆኖ በጸጥታ ያዳምጥ ነበር። አንድ ቀን «ለ»ን እኔ ብረሳት እርሱ አስታወሰኝ። እኔም ተናደድኩ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። በ2001 ዓ.ም. መስከረም ታናሽ ወንድሙ ለከብት ሲደርስ፣ እርሱ ከእኛ ቤት ወጥቶ ትምህርት ቤት ተመዘገበ። እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። በመጀመሪያው ቀን በአንደኛ ክፍል ሰልፍ መጨረሻ ላይ፣ ያጠረች ቁምጣ ለብሶ ቆሞ አየሁት። ከእኔ ጋር ለነበሩት ልጆች ጮክ ብዬ «አባወራው መጣ!» አልኩ። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «አባወራው» ሆኖ ቀረ። ሲያነብ «አባወራው አነበበ»፣ ሲሳሳት «አባወራው ተሳሳተ» ይባላል። ጥቅምትና ኅዳር የአጨዳው ጊዜ ነው፤ በዚያ ሰሞን ጥቂት ቀን ቀረ፤ ገና ሳይደርስም ፈጽሞ ተወ። በኋላ ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ሄደ ሲባል ሰማሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ቡሬ ገበያ ላይ ተገናኘን። አቅፎ ሳመኝ፤ የእናቴን ጤና ጠየቀኝ። ከዚያም ከኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣና «እስቲ አንተ የተማርከው፣ ይችን እይልኝ፤ ከቀበሌ የሰጡኝ ናት» አለኝ። አነበብኩለት። ስለ መሬት ይዞታው የተጻፈ መጥሪያ ነበር፤ የተቀጠረበትም ቀን ካለፈ ሦስት ቀን ሆኖታል። አልተቆጣም። «እንግዲህ እንዴት ይሆናል» ብሎ ወረቀቱን መልሶ አጠፈው። እኔ ግን በዚያ ቀን ነው ነገሩ የገባኝ። እኔ በሰባት ዓመቴ ትምህርት ቤት የገባሁት ጎበዝ ስለሆንኩ አልነበረም፤ ያ ልጅ የእኔን ከብት ስለ ጠበቀ ነው። እርሱ የዘገየው እኔ እንድቀድም ነው። እኔም በገዛ ባለ ዕዳነቴ ሳቅሁ።

ይህን የነገርኳቸው አንዳንድ ሰዎች የሚሰጡኝ መልስ አለ። መልሳቸው ቀላል ስላልሆነ እንመልከተው።

አንደኛው «ደመወዙን በእህል ተከፍሎት የለምን? ታዲያ ምን ዕዳ ቀረ?» ይላል። እውነት ነው፤ አባቴ ያላንዳች መጉደል ሰፍሮለታል። ነገር ግን እህሉ የተሰፈረው ለጥበቃው ነው። ለልጅነት ዕድሜው ቁና አልተገኘለትም። ጉልበት በልቶ ይመለሳል፤ የልጅነት ጊዜ ግን አንዴ ከሄደ አይመለስም። ስለዚህ ሒሳቡ አልተዘጋም።

ሁለተኛው «አንተ ሕፃን ነበርክ፤ የቀጠረው አባትህ ነው፤ ለምን ራስህን ትወቅሳለህ?» ይላል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በደልና ዕዳ አንድ አይደሉም። በሰባት ዓመቴ ማንንም አልበደልኩም፤ አባቴንም አልወቅስም፤ እርሱም ድኻ ነበር፤ ለልጁ የሚችለውን አደረገ። ዕዳ ግን ያለ በደልም ይመጣል። አባት የተበደረውን ልጅ ይከፍላል እንጂ «እኔ አልተበደርኩም» ብሎ እርሻውን ብቻ አይወርስም። እኔ የወረስኩት እርሻ ማንበብና መጻፍ ነው። በደል የሆነው በሳቅሁበት ቀን ነው፤ ዕዳው ግን ከዚያ አስቀድሞ ነበረ፤ ባልስቅም ኖሮ ይኖር ነበር።

ይህ የወንዶች ነገር ብቻ አይደለም። በስንቱ ቤት ታላቂቱ እኅት ውኃ እየቀዳች፣ ሕፃን እያዘለች ታናናሾቿን ትምህርት ቤት ልካለች? ስንቷስ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት ለባል ተሰጥታ ደብተሯን በቁምሳጥን ሳይሆን በጭስ ቤት ጣሪያ ሥር ሰክታ ቀርታለች? ከእኛ መካከል በደንብ የሚያነብ ሁሉ ወደ ኋላው ቢመለከት፣ በእርሱ ፈንታ የቆየ አንድ ሰው ሳያገኝ አይቀርም።

ዘግይቶ የሚማርን ሰው ማክበር ደግሞ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ጎጃም የቅኔ አገር ናት፤ ዋሸራና ዲማ ጊዮርጊስ በመላው ኢትዮጵያ የተሰሙ ናቸው። በአብነት ትምህርት ቤት ዕድሜ አይጠየቅም። ጢም ያወጣው ከሕፃኑ ጋር በአንድ ጎጆ ያድራል፤ ሁለቱም ደበሎ ለብሰው ቁራሽ ይለምናሉ። ቀድሞ የገባው ዕድሜው ትንሽም ቢሆን ኋላ የመጣውን ያስቀጽላል። በዚያ ሰው የሚመዘነው በያዘው ትምህርት እንጂ በቁመቱ አይደለም። በቁመት መሰለፍን ያመጣው ዘመናዊው ትምህርት ቤት ነው፤ ሥርዐት ለማስያዝ ይጠቅም ይሆናል፤ እኛ ግን ሥርዐቱን ወስደን የማፈሪያ ቦታ አደረግነው።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ማስታወስ ይገባል። ያ ዘመን ብዙ የሚያስለቅስ ነገር እንደ ነበረበት የታወቀ ነው። በዘመቻው ግን በ15 ቋንቋዎች ትምህርት ተሰጥቷል፤ ሽበት ያወጡ አባቶችና እናቶች ከልጆቻቸው ልጆች ጋር ተቀምጠው ፊደል ቆጥረዋል። ያን ጊዜ ሽማግሌ «ሀ ሁ» ሲል መስማት ነውር አልነበረም። ከእኛ ውጭም ብንመለከት፣ በጎረቤታችን በኬንያ መንግሥት በ1995 ዓ.ም. የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በነፃ እንዲሆን ባወጀ በዓመቱ፣ በጥር 1996 ዓ.ም. ኪማኒ ማሩጌ የተባሉ አዛውንት በ84 ዓመታቸው አንደኛ ክፍል ገብተዋል። የተማሪ ልብስ ከነቁምጣው ለብሰው፣ ከልጅ ልጆቻቸው እኩዮች ጋር ይቀመጡ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን ራሳቸው ለማንበብ እንደሚፈልጉ ተናግረዋል። በኋላ በአገራቸው በተነሣው ሁከት ከቤታቸው ተፈናቅለው በመጠለያ ሲኖሩም ትምህርታቸውን አልተዉም። በ2001 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ተማሪ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር መናገር አለብኝ። እስካሁን ያወራሁት ስለ ሌላው ሲል ስለ ዘገየ ልጅ ነው። በእኛ ዘመን ግን ለማንም ሳይጠቅም የዘገየ ሌላ ልጅ መጥቷል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ያ አልፎ ጥቂት እንደ ተነፈስን በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ጦርነት ተነሣ፤ ምዕራብ ጎጃምም ብዙ ከተጎዱት ቦታዎች አንዱ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከ7 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎችን ለመመዝገብ ታቅዶ ግማሹ እንኳ አልተመዘገበም። በ2016 ዓ.ም. ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ፣ ደወሉ በመታበት ቀን ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ሆኖት በሰልፉ መጨረሻ ይቆማል ማለት ነው። አንድም ልጅ አይሆንም፤ ሰልፉ በሙሉ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚወስደውን መንገድ ሁላችን እናውቀዋለን። የከተማዪቱ ስም የሰላም መንገድ ማለት ነው። ልጆች በዚያ መንገድ ዳር ደብተር ይዘው መሄድ ያልቻሉባቸው ዓመታት ነበሩ። ይህ ልጅ ዘመኑን በፈቃዱ አልሰጠም፤ ተወሰደበት። ለመጀመሪያው ልጅ የሚገባው ምስጋና ነው። ለዚህኛው ግን ምስጋና ስድብ ይሆናል፤ የሚገባው ካሣ ነው። ካሣውን ማን ይክፈል? ጦርነቱን ያላስነሣው ወጣት «እኔን አይመለከተኝም» ቢል ቀደም ሲል ያልነውን ያስታውስ፤ ዕዳ ያለ በደልም ይመጣል። ትምህርት ቤት ክፍት በነበረበት ጊዜ ፊደል የቆጠርን ሁሉ የሰላሙን ዘመን ፍሬ በልተናል። ያም ፍሬ ለሁሉ የተዘራ ነበር።

ታዲያ ምን እናድርግ? ብዙ ገንዘብ የለንም፤ ያለንን ልናገር።

በመጀመሪያ ቅጽል ስም አናውጣ፤ ሌላው ሲያወጣም አንሳቅ። አንድ ልጅ ያወጣሁት ስም አንድ ሰው ከትምህርት አስቀርቷል፤ ዝም የሚል አንድ ጓደኛ ቢኖረኝ ኖሮ ምናልባት ስሙ አይጸናም ነበር።

ሁለተኛ ከእሑድ መርሐ ግብራችን በኋላ ግማሽ ሰዓት እንስጥ። እያንዳንዳችን አንድ የዘገየ ልጅ እንያዝ፤ በታናናሾቹ ፊት ሳይሆን ለብቻው፣ እንደ ወንድም ሆነን እናስቀጽለው። አሥራ ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ ነገሩ ከገባው ከሰባት ዓመቱ ልጅ ይልቅ ቶሎ ሊሄድ ይችላል፤ ሁለት ክፍል የዘለሉ አይቻለሁ።

ሦስተኛ የሚከብደው ይህ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ከብቱን እኛ እንጠብቅለት። በአጨዳው ወራት ከትምህርት የሚቀረው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ በእርሱ ቦታ የሚቆም ሰው ስለሌለ ነው። እርሱ በእኛ ቦታ ቆሞ ነበር፤ እኛም በእርሱ ቦታ እንቁም። ዕዳ በዓይነት ሲከፈል ያምራል።

በዚህ ሁሉ ግን ከንፈር እየመጠጥን አንቅረብ። ሳቅና ከንፈር መጠጣ ሁለቱም ከላይ ወደ ታች መመልከት ናቸው። ያ ወንድማችን የሚፈልገው ከጎኑ የሚቀመጥ ሰው ነው።

እኔ ራሴ ከገበያው ቀን በኋላ መጥሪያውን ይዤ ከእርሱ ጋር ቀበሌ ሄድኩ፤ ሌላ ቀጠሮም ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ማታ ቤቱ እሄዳለሁ። አሁን የራሱን ስምና የልጁን ስም ይጽፋል። «ለ»ን ሲጽፍ ግን ሁልጊዜ ቀና ብሎ ያየኛል፤ ሁለታችንም ለምን እንደሆነ እናውቃለን። ያን ቀን ያወጣሁለትን ስም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እርሱም «ልጅ ነበርክ» አለኝ። ይቅር ማለቱ የእርሱ ነው፤ መክፈሉ ግን አሁንም የእኔ ነው።

ወጣቶች ሆይ፤ በሰልፉ መጨረሻ የቆመው ልጅ የሁላችንንም ጀርባ ያያል። እኛ ግን ዞር ካላልን እርሱን አናየውም። ደወሉ ሲመታ ዞር እንበል።