ቢራቢሮን የሚወድ ትሉን ይመግብ



እግዚአብሔር አምላክ የመጀመሪያውን ሰው ከፈጠረው በኋላ ያኖረው በቤተ መንግሥት ሳይሆን በአትክልት ቦታ እንደ ነበረ፣ የሰጠውም የመጀመሪያ ሥራ ያንን ቦታ ማበጀትና መጠበቅ እንደ ነበረ ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 2 ያስተምረናል። በትንሣኤ ማለዳም መግደላዊት ማርያም ከሙታን የተነሣውን ጌታ ባየችው ጊዜ የአትክልት ጠባቂ መስሏት እንደ ነበረ ወንጌላዊው ዮሐንስ በምዕራፍ 20 ጽፎልናል። እንግዲህ የአትክልት ቦታ ለእምነታችን እንግዳ አይደለም። በዚህ ጽሑፋችን በየቤታችን ደጃፍ ወደሚገኘው አነስተኛ አትክልት ዘወር ብለን፣ በዚያ ስለምትመላለሰው ስለ ሎሚ ቢራቢሮ ጥቂት ለመናገርና ከእርሷም የሚገኘውን ትምህርት ለመቅሰም እንወዳለን።

ይህች ቢራቢሮ በሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ዘንድ ፓፒልዮ ዴሞዶኩስ ተብላ ትጠራለች፤ ይህ ስም የተሰጣት እ.ኤ.አ. በ1798 ነው። ከሰሐራ በረሃ በስተ ደቡብ ባሉት የአፍሪካ አገሮች በሰፊው የምትገኝ ሲሆን፣ በአገራችንም ሎሚና ብርቱካን በተተከለባቸው ግቢዎች ትታያለች። ክንፎቿ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ10 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ይደርሳሉ። መልኳ ብጫ ነጠብጣብ የተረጨበት ጥቁር ሆኖ፣ በኋላ ክንፎቿ ላይ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ያለበት ዓይን መሰል ምልክት አለ። ብዙዎቹ ዘመዶቿ በኋላ ክንፋቸው ጫፍ ላይ እንደ ወፍ ጅራት የረዘመ ነገር ስላላቸው፣ ወገናቸው በሌሎች ቋንቋዎች በወፍ ጅራት ስም ይጠራል። የእኛይቱ ጅራት ባይኖራትም ከዚያው ቤተሰብ የተቆጠረች ናት።

እንዲህ ያለች ውብ ፍጥረት ወደ ግቢው እንድትመጣ የማይመኝ ማን ነው? ይህን ምኞት ያደረበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ አበባ ይተክላል። መልካም ነው፤ ቢራቢሮዋ የአበባ ወለላ ትቀስማለችና። ነገር ግን አበባ ብቻ ባለበት ግቢ ቢራቢሮ እንግዳ እንጂ ቤተኛ አትሆንም፤ ቀስማ ትሄዳለች። እንድትሰነብትና እንድትዋለድ የሚያደርጋት ቅጠሉ ነው። እንቁላል ለመጣል የተዘጋጀች እንስት ከቅጠል ወደ ቅጠል እየበረረች በፊት እግሮቿ ትዳስሳለች፤ በእግሮቿ ላይ ጣዕምን የሚለይ ሕዋስ ስላለ በእግሯ ትቀምሳለች ማለት ይቻላል። የምትፈልገውም ለራሷ ምግብ አይደለም፤ እርሷ ቅጠል አትበላምና። የምትፈልገው ገና ላልተፈለፈሉት ልጆቿ የሚሆነውን ነው። የሎሚ፣ የብርቱካን፣ የመንደሪን ወይም የዚያው ወገን የሆነው የልምጭ ለጋ ቅጠል ስታገኝ እንቁላሎቿን አንድ በአንድ ታስቀምጣለች። ሎሚና ብርቱካን ከእስያ የመጡ ተክሎች ናቸው፤ ጥርስ የምንፍቅበት ልምጭ ግን የአገራችን ነው። ሎሚ ወደ አፍሪካ ከመግባቱ አስቀድሞ የቢራቢሮዋ ወገን ይኖር የነበረው እንዲህ ባሉት የዱር ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ላይ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል ነው፤ ያውም በመጀመሪያ ዕድሜው የወፍ ኩስ የሚመስል ትል። ይህ መልኩ ከጠላት ዓይን እንዲሰወር ፈጣሪ የሰጠው መሸሸጊያ ነው። አራት ጊዜ ቆዳውን ይገፋል፤ ከመጨረሻው በኋላ አረንጓዴ ይሆናል። ሲነኩት ከራሱ ኋላ ቀላ ያለ መንታ ቀንድ አውጥቶ ኃይለኛ ሽታ ይረጫል። ሥራው መብላት ብቻ ይመስላል። ጊዜው ሲደርስ በቀጭን የሐር ክር ራሱን ከቅርንጫፍ ጋር ያስርና በቅርፊት ውስጥ ተሰውሮ ለሳምንታት ይቆያል። ከዚያ በኋላ ነው ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ያች የተመኘናት ቢራቢሮ የምትወጣው።

ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ምንድን ነው? ለቢራቢሮዋ ብሎ አበባ የተከለ ሰው፣ በሎሚው ቅጠል ላይ ትሉን ባየ ጊዜ ይጨፈልቀዋል፤ ወይም ፀረ ተባይ መድኃኒት ይረጭበታል። በሚቀጥለው ወርም «ቢራቢሮዎቹ ወዴት ሄዱ?» ብሎ ይጠይቃል። በአንድ እጁ የጠራትን በሌላው እጁ ገድሏታል።

ይህ ነገር ለመንፈሳዊ ሕይወት ምሳሌ መሆኑን ቅዱሳን ከእኛ በፊት ተመልክተውታል። የአቪላዋ ቅድስት ተሬዛ እ.ኤ.አ. በ1577 ስለ ነፍስ ውስጣዊ ግንብ በጻፈችው መጽሐፍ ነፍስን በሐር ትል መስላ ታስተምራለች። ትሉ ቅጠል እየበላ እንደሚያድግ፣ ነፍስም በንስሐ፣ በመልካም ንባብና በስብከት ትመገባለች፤ ካደገችም በኋላ ቤቷን ትሠራለች፤ ይህም ቤት ክርስቶስ ነው፤ በእርሱም ለራሷ ሞታ እንደ ነጭ ቢራቢሮ ትወጣለች። እናስተውል! ቅድስት ተሬዛ የትሉን ዘመን እንደ ከንቱ ዘመን አልቆጠረችውም። ያለ መመገብ ማደግ፣ ያለ ማደግም መለወጥ እንደሌለ አውቃ ነበርና።

ይሁን እንጂ፦ «ያለችኝ አንዲት የሎሚ ችግኝ ናት፤ ትሉ ቅጠሏን ከጨረሰው ለልጆቼ ምን ይተርፋል?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ በዋዛ የሚታለፍም አይደለም። ጥቂት ትሎች አንዲትን ለጋ ችግኝ መላጣ ሊያደርጓት ይችላሉ። ለሥር የሰደደ፣ ቅጠሉ ለበዛ ትልቅ ዛፍ ግን የጥቂት ትሎች ጉዳት ቀላል ነው፤ መልሶ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ አስተዋይ አትክልተኛ ችግኙን ማልዶ ይመረምራል፤ ትሉን ሲያገኘው ያለበትን ቅጠል ቆርጦ ወደ ትልቁ ሎሚ ወይም ወደ ልምጩ ይወስደዋል። በዚህም ችግኙ ይተርፋል፤ ትሉም አይሞትም። ዋጋውን የሚከፍለው መክፈል የሚችለው ዛፍ ነው።

ወንድሞችና እህቶች፤ ይህን ወደ ቁምስናችን እናምጣው። በእምነት የጸና ቤተሰብ፣ በመዝሙር የሚያገለግል ወጣት፣ ምክር የሚሰጥ ሽማግሌ በቤተ ክርስቲያን ሲታይ ሁሉም ደስ ይለዋል። ነገር ግን በመሥዋዕተ ቅዳሴ ጊዜ የሚያለቅሰውን ሕፃን፣ መቼ እንደሚቆምና መቼ እንደሚንበረከክ ገና ያልለመደውን ንኡሰ ክርስቲያን፣ ጥያቄ የሚያበዛውን ጎረምሳ፣ ከመጠጥ ሊላቀቅ ጀምሮ ዳግመኛ የወደቀውን ሰው ማን ይቀበለዋል? በቁጣ ቃል የሚያባርር ሰው፣ ከዓመታት በኋላ «ወጣቶቻችን ወዴት ሄዱ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የቁጣ ቃልም እንደ ፀረ ተባዩ መድኃኒት ነውና፤ ተባዩን ከቢራቢሮው አይለይም።

እንዲህ ስንል ግን ክፉውን መልካም ነው ማለታችን አይደለም። የሚጎዳውን ሰው በደካሞች መካከል ትቶ ደካሞቹን «ታገሡት» ማለት ትሉን በችግኙ ላይ እንደ መተው ነው፤ ትዕግሥትም አይባልም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 15 መጀመሪያ ላይ የደካሞችን ድካም እንዲሸከሙ ያዘዘው ብርቱዎቹን ነው። ስለዚህ ሸክሙን የሚቀበሉት ሥር የሰደዱት ይሁኑ፤ ካህናት፣ ደናግል፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ በትዳር የቆዩ አባቶችና እናቶች። ለአንድ ወጣት ሲባል ጊዜያቸው፣ እንቅልፋቸው፣ አንዳንዴም ክብራቸው ይበላል። ቅጠላቸው ቢነሳሳ ግን ሥራቸው አይነቀልም።

በግቢያችን ልናደርገው የሚገባውም ከዚህ የራቀ አይደለም። አሮጌውን ሎሚ አንቁረጠው፤ አጥር ሥር ልምጭ እንትከል፤ እንደ አደይ አበባ ያለ ወለላ የሚሰጥ አበባ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ይኑር። የወፍ ቆሎ ቢራቢሮን ቢስብም የግጦሽን መሬት የሚወር መጤ አረም ስለሆነ አንትከለው። ቢራቢሮዎች ከእርጥብ አፈር ጨው ስለሚመጡ፣ ከውኃ ቧንቧው አጠገብ ጥቂት እርጥብ መሬት ይበቃቸዋል። ከሁሉም በላይ መድኃኒት አንርጭባቸው። የአሲዚው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ከገዳሙ አትክልት አንዱ ክፍል ሳይታረስ ቀርቶ የዱር አበባና ቅጠላ ቅጠል እንዲበቅልበት ያዝዝ እንደ ነበር ይነገራል፤ ይህንንም ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ጋራ ቤታችን በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት አስታውሰውታል። ቅዱሱ ትልን እንኳ ሰው እንዳይረግጠው ከመንገድ ያነሣ እንደ ነበር ታሪኩ ይመሰክራል።

በመጨረሻም በየጓሮአችን የማትጠፋውን ጤና አዳምን እናስታውስ። እርሷም የሎሚ ወገን ናት፤ በቅድስት ሀገር የምትኖረው የቢራቢሮዋ ዘመድ በጤና አዳምና በእንስላል ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ጌታችን ከጤና አዳም እንኳ አሥራት እያወጡ ፍርድንና የእግዚአብሔርን ፍቅር የሚተላለፉትን ሰዎች ገሥጿቸዋል። ለእነርሱ ቅጠሉ የሚቆጠር ነገር ነበር፤ ለቢራቢሮዋ ግን ለልጆቿ የሚሰጥ እንጀራ ነው። እኛስ ቅጠላችንን ስንቆጥር እንኑር ወይስ እናካፍል? የተበላ ቅጠል ያለበት ዛፍ በእግዚአብሔር ፊት የተበላሸ ዛፍ አይደለም፤ አንድ ሕያው ነገር የተመገበበት ዛፍ ነው።

ራሱን ምግባችን አድርጎ የሰጠን ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በእኛ ላይ የታገሠውን ትዕግሥት ለሌሎች የምናሳይበትን ጸጋ ይስጠን። አሜን።