የዶክትሬት ተማሪው ቅርብ ቀጠሮ

እ.ኤ.አ. በ1994 ሮጀር ቡለር፣ ዴል ግሪፈንና ማይክል ሮስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን እየሠሩ የነበሩ ተማሪዎችን «በስንት ቀን ትጨርሳላችሁ?» ብለው ጠይቀዋል። መልሱ በአማካይ 34 ቀን ገደማ ነበር። «ነገር ሁሉ ቢበላሽባችሁስ?» ሲባሉ ተማሪዎቹ ወደ 49 ቀን ከፍ አደረጉት። የፈጀባቸው ግን ከ55 ቀን በላይ ነው።

እነዚህ ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ነበሩ። ይኸው የግምት ስህተት ዓመታት በሚወስድ የዶክትሬት ሥራ ላይ ሲመጣ ጉዳቱ እጅግ ይከብዳል። የኮርሱ ጊዜ በፈተናና በቤት ሥራ የታጠረ ስለሆነ ተማሪውን ይገፋዋል። ፕሮፖዛሉ ከጸደቀ በኋላ ግን «የት ደረስክ?» ብሎ በየሳምንቱ የሚጠይቅ የለም። ብዙ ትጉህ ሰው ዓመታት የሚያልፉበት በስንፍና ሳይሆን፣ ዛሬውኑ የሚያስገድደው ነገር ስለሌለ ነው። ስለዚህ ሌላው ያልቆረጠለትን ቅርብ ቀጠሮ ተማሪው ራሱ ሊቆርጥ ይገባል።

መነሻው የማይነቃነቀው ነገር ይሁን። በመኸር ሰብል ላይ የሚመራመር ተማሪ ማሳው በሰኔና በሐምሌ ይዘራል፤ የምርምር ገንዘቡ ወይም ፈቃዱ በመስከረም ቢደርስ የዘገየው ሁለት ወር ይመስላል፣ የጠፋው ግን አንድ ሙሉ ዓመት ነው። ትምህርት ቤቶችን የሚያጠናም ክረምት ላይ ቢደርስ ባዶ ክፍል ይጠብቀዋል። መርሐ ግብሩ እንግዲህ ከዚያ ወቅት ወደ ኋላ ይቆጠር፦ መረጃው ከሚሰበሰብበት ሳምንት ወደ መጠይቁ ሙከራ፣ ከሙከራው ወደ ሥነ ምግባር ፈቃዱ፣ ከፈቃዱ ወደ ድጋፍ ደብዳቤው። ለእያንዳንዱ በታሰበው ጊዜ ላይ ቢያንስ ግማሹን መጨመር ያስፈልጋል፤ የተማሪዎቹ 34 እና 55 ቀን የሚያሳየው ይህንኑ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ጽሑፉን ለመጨረሻው ዓመት ማቆየት ነው። «መጀመሪያ አንብቤ ልጨርስ» የሚል ተማሪ አይጀምርም፤ ንባብ አያልቅምና። በአንጻሩ ሳይንቲስቷ ማሪ ኩሪ የዶክትሬት ምርምሯን በፓሪስ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1897 መጨረሻ፣ የመጀመሪያ ልጇን በወለደች በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ውጤቷ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የቀረበው በሚያዝያ 1898 ነበር፤ አራት ወር ገደማ ብቻ ቆይታ ማለት ነው። በ1900 ሴቭር በነበረው የሴቶች መምህራን ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረች፤ ዶክትሬቷንም በ1903 ተከላከለች። ያገኘችውን እያደር ትጽፍ ስለነበር በመጨረሻ ከባዶ አልጀመረችም።

ጆአን ቦልከር የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመችው መጽሐፍ ርእስ ላይ የቀን 15 ደቂቃ ጽሕፈትን አስቀምጣለች። በ15 ደቂቃ ብቻ ዶክትሬት አይጨረስም። ነገር ግን ጠዋት ስልኩና ኢሜይሉ ሳይከፈት የሚጻፍ አንድ አንቀጽ፣ ቅዳሜን ሙሉ ከሚጠብቅ ዕቅድ ይሻላል፤ ቅዳሜ ለቅሶም ሰርግም፣ የዕድር ስብሰባም ይመጣል። ከእነዚህ መቅረት አያስፈልግም፤ ሰው ከጎረቤቱና ከዘመዱ ተቆርጦ በሚሠራው ሥራ አይጸናም። ጽሑፉ በሥራ ቀን ጠዋት ከተሠራ ተማሪው ወደ ለቅሶው በንጹሕ ልብ ይሄዳል።

አማካሪን መፍራት ደግሞ ብዙ ወራት ይበላል። ምዕራፉ አልጠራም ብሎ የሚደበቅ ተማሪ፣ አማካሪው በአንድ ሰዓት ሊያቀኑለት የሚችሉትን ስህተት ይዞ ግማሽ ዓመት ይጓዛል። ያልጠራውን ረቂቅ ይዞ ይግባ፣ ጥያቄዎቹን በአንድ ገጽ ጽፎ ያቅርብ፤ ከቢሮው ከመውጣቱ በፊትም የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀንና ሰዓት ያስቆርጥ፤ የተስማሙበትንም በዚያው ቀን በኢሜይል ይላክላቸው።