ጀበናው እና እጁ

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሕዝቧ በአብዛኛው ሙስሊም ነውና በየቤቱ የሚሰገድለት ምስል የለም። ልብን የሚሰበስብ ዕቃ ግን አለ፤ ጀበናውና የዕጣን ማጨሻው። በወሎ ወዳጃ ዱዓ የሚደረገው ቡና እየተፈላ፣ ዕጣን እየጨሰ ነው፤ የሦስተኛው ስኒ ስም እንኳ በረካ ነው። ጀበናውን የሚያመልከው የለም፤ ጎረቤቱን የሚሰበስበው ግን እሱ ነው።

የቡድሃ እምነት ተከታዮችም በቤታቸው ስለሚያኖሩት የእንጨት ወይም የነሐስ ቅርጽ ሲናገሩ ብዙዎቹ «አምላክ አይደለም፤ ማስታወሻ ነው» ይላሉ። በመጀመሪያዎቹ ክፍለ ዘመናት እንዲያውም የእግሩ ዱካና ባዶ መቀመጫው ይበቃቸው ነበር።

እኔን የሚከነክነኝ የሠሪው ነገር ነው። በአገራችን ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» እያልን በጋብቻ ስናገላት ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም ንቀቱ ከአዋጁ በኋላም ዘልቋል። ታዲያ በጀበናዋ ዙሪያ ተቀምጠን በረካ ስንለምን፣ እሷን ግን ከደጅ ስናስቀር፣ «አሚን» የምንለው በምን አፋችን ነው?