ምልክት ያላየ እምነት



ከጥቂት ዓመታት በፊት በማገለግልበት ማኅበረ ምእመናን አንድ ወጣት በሳንባ ነቀርሳ ታመመ። ጸለይንለት፤ መድኃኒትም ጀመረ። በሁለተኛው ወር ትኩሳቱ ተወው። ወዲያውም «ጌታ ፈውሶታል፤ ከእንግዲህ መድኃኒት መዋጥ አለማመን ነው» የሚል ድምፅ ከመካከላችን ተነሣ። እርሱም መድኃኒቱን ተወ። እኔ እረኛው እምነቱን የማደክም መስሎኝ ዝም አልሁ። በሽታው ግን በርትቶ ተመለሰና በፋሲካ ሰሞን ቀበርነው። ከመቃብሩ ስንመለስ እናቱ «የልጄ እምነት ጎድሎ ነውን?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም።

እግዚአብሔር ተአምር ማድረግ እንደሚችል አልጠራጠርም። ነገር ግን በተአምር ላይ የቆመ እምነት፣ ተአምሩ በዘገየ ቀን በምን ይቆማል? ደግሞም ምልክት ማየት ብቻውን እምነትን አይወልድም። አልዓዛር ከመቃብር ሲወጣ ካዩት አንዳንዶቹ ሄደው ለፈሪሳውያን ነገሩ፤ አለቆቹም ስለዚያው ምልክት ጌታን ሊገድሉት ተማከሩ። ጌታም ከመስቀል ቢወርድ እንደሚያምኑበት ለተናገሩት አልወረደላቸውም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1518 ማርቲን ሉተር በሃይደልበርግ ከተማ ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ እግዚአብሔርን በኃይልና በክብር ብቻ የሚፈልግ ሰው፣ በመከራና በመስቀል የተገለጠውን ሳያውቀው ያልፋል።

እንዲህ ያለው እምነት በሥራ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ጎረቤታችን ወደ ሶማሌላንድ እንመልከት። በዋና ከተማይቱ በሐርጌሳ ክርስቲያን ለእምነቱ የሚታይ ምልክት እምብዛም አያገኝም። የካቶሊኮቹ የቅዱስ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከብዙ ዘመን በኋላ በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. ተከፍታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተዘግታለች። ከሐርጌሳ በስተምዕራብ፣ በኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ ባለችው በቦረማ ግን አናሌና ቶኔሊ የተባሉ ኢጣሊያዊት ክርስቲያን የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን ያስታምሙ ነበር።

በ1935 ዓ.ም. የተወለዱት እኒህ ሴት በወጣትነታቸው ወደ ኬንያ መጥተው፣ ዋጂር በምትባለው በረሓማ አገር ከብት እያረቡ በሚዘዋወሩት ሶማሌዎች መካከል ኖሩ። ሕክምናው በዚያን ጊዜ ቢያንስ ስድስት ወር ሳያቋርጡ መድኃኒት መዋጥን ይጠይቅ ነበር፤ በሽተኛው ግን ጥቂት ሲቀለው ወደ ግመሎቹ ይመለስ ነበር። ስለዚህ ሕሙማኑ ጎጆ ሠርተው በአንድነት እንዲቀመጡ፣ መድኃኒቱንም በየቀኑ በአስታማሚ ፊት እንዲውጡ አደረጉ። በስድስት ወር ውስጥ 180 ያህል ጠዋቶች አሉ። በእነዚህ ጠዋቶች ሰማይ አልተከፈተም፤ አንዲት እጅ ብቻ ውኃና እንክብል ትዘረጋ ነበር። በቦረማም እንዲሁ አደረጉ። በአደባባይ አልሰበኩም፤ ነገር ግን ብዙዎች ድነው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በ1995 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ጉዳይ ከፍተኛ ኮሚሽን የናንሰንን ሽልማት ሰጣቸው። ብዙም ሳይቆይ መስከረም 24 ቀን 1996 ዓ.ም. በዚያው በሆስፒታላቸው ግቢ በጥይት ተገደሉ። ጥይቱን የመለሰ መልአክ አልታየም። እንግዲህ እምነታቸው ጎድሎ ነበር እንላለንን? አንደፍርም። እምነታቸው ምልክት ያላየ ነበር፤ ፍሬ ያጣ ግን አልነበረም።

ለዚያች እናት የምመልሰው አሁን አለኝ። እናቴ ሆይ፣ የጎደለው የልጅዎ እምነት አይደለም፤ የጎደለው የእረኛው ቃል ነው። ልጅዎ ያመነው ከእኛ የሰማውን ነው፤ እኛ ግን የእግዚአብሔርን ስጦታ ከእግዚአብሔር ጋር አጣላነው። መድኃኒቱም፣ ሐኪሙም፣ የሚጸልየውም ጉባኤ ከአንድ እጅ የተሰጡ ናቸው።

ወዳጆቼ ሆይ፣ እንግዲህ ለታመመ ወንድማችሁ ከመጸለይ አትድከሙ። ነገር ግን በማግሥቱ ስትጠይቁት «ተፈወስህን?» አትበሉት፤ «የዛሬውን መድኃኒት ዋጥህን?» በሉት፤ ውኃውንም አቅርቡለት። ካልዳነም እስከ መጨረሻው አብራችሁት ተቀመጡ። የተሰቀለው ጌታ በዚያ አለና። አሜን።